ደመናና ደብዳቤ፦ እርግጠኛ ያልሆነው የቱ ነው?

የክረምቱ ትንበያ ሊነገር ጥቂት ሲቀረው ደብዳቤ ይበዛብኛል። ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም ሰው አሁንም ዝናቡን ከእኔ ጓዳ የማወጣው ይመስለዋል። ዘንድሮ ግን ስለ ዝናብ የጠየቁኝ ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዙት የጻፉልኝ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ክርክር ነው። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው እርግጠኛ ካልሆኑ እኛ ምን እንመን ይላሉ።

ለአዲስ አንባቢዎች፦ በወጣትነቴ ወሎ ውስጥ በአንዲት የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ የዝናብና የሙቀት ልኬት መዝጋቢ ነበርኩ፤ ኋላ አዲስ አበባ መጥቼ ትንበያ ላይ ሠርቻለሁ። ሴት ነኝ። ይህን የምጠቅሰው ከአምስት ደብዳቤ ሦስቱ «ጋሼ» ብሎ ስለሚጀምር ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የእህቴ ባል አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ታክሲ ይነዳል፤ ብዙ ያነባል፤ ቪዲዮም ይልክልኛል። የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው ተጋንኗል ባይ ነው። የእርሱ ማስረጃዎች እነዚህ ናቸው፦ በ1970ዎቹ ሳይንቲስቶች የበረዶ ዘመን ይመጣል ብለው ነበር፤ የሂማላያ በረዶ በ2035 ያልቃል ተብሎ ስህተት ሆኖ ተገኘ፤ የኪሊማንጃሮ በ2020 ያልቃል ተብሎ ይኸው አለ፤ ደግሞ ምድር ስንት ዲግሪ ትሞቃለች ሲባሉ «ከዚህ እስከዚህ» ይላሉ እንጂ ቁርጥ ያለ ቁጥር የላቸውም። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ «ከዚህ እስከዚህ» የሚባል ሒሳብ አላውቅም። ሐምሌ ላይ ሊመጣ ነው፤ ምን ልበለው? — ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ

መልስ፦ አማችዎ ካነሷቸው አራት ነገሮች አንዱ ተራ ወሬ ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ መሠረት አላቸው። ወሬውን ቶሎ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ምድር ልትቀዘቅዝ ትችላለች ብለው የጻፉ ተመራማሪዎች በእርግጥ ነበሩ፤ የአሜሪካ መጽሔቶችም አራግበውታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ከ1965 እስከ 1979 የታተሙትን ጥናቶች አንድ በአንድ ቆጠሩ። ወደ መቀዝቀዝ ያመለከቱት 7 ነበሩ፤ ወደ መሞቅ ያመለከቱት 44። ጋዜጣ ያሻሻጡት ግን ሰባቱ ናቸው።

የሂማላያው እውነት ነው፤ አሳፋሪም ነው። የተባበሩት መንግሥታት ያቋቋመው የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን፣ አይፒሲሲ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሪፖርት ውስጥ የሂማላያ በረዶ በ2035 ሊጠፋ ይችላል የሚል አንቀጽ ገባ። በደንብ የተመረመረ ጥናት አልነበረም ምንጩ። ቡድኑ በ2010 መጀመሪያ ላይ ስህተቱን አምኖ አስታወቀ። ስህተት ሲገኝ እኔ ቀድሜ የምጠይቀው ማን እንዳገኘው ነው። በጣቢያው ሳለሁ አንድ ቀን 12.4 ሚሊ ሜትር ዝናብ 124 ብዬ ጽፌያለሁ፤ ነጥቡ ጠፋ። ያረመኝ ከእኔ ጋር ቂም ያለው ሰው ሳይሆን የወሩን ድምር የሠራው የራሴ ባልደረባ ነው። የሂማላያውንም ነቅሰው ያወጡት በረዶ ሲያጠኑ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ምድር አልሞቀችም የሚሉት አይደሉም።

ኪሊማንጃሮ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔንም ከሰው ያጣላኝ ጉዳይ ስለሆነ። የተራራው በረዶ እ.ኤ.አ. በ1912 ወደ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍን ነበር። በ2000 ሲለካ የቀረው ከ3 ያነሰ ነበር። አሜሪካዊው የበረዶ ተመራማሪ ሎኒ ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ በ2002 ሒሳቡን አስልተው፣ በዚህ አያያዙ ከ2015 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ያልቃል አሉ። አላለቀም። እየሳሳ ነው፤ ግን አለ። በኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጌኦርግ ካዘርና ባልደረቦቻቸው ደግሞ የተለየ ነገር ይናገሩ ነበር። ከአናቱ ላይ አየሩ ከዜሮ በታች ነው፤ በረዶው በአብዛኛው የሚያልቀው ቀልጦ እየፈሰሰ ሳይሆን ፀሐይ እየመታው በቀጥታ ወደ እንፋሎት እየተለወጠ ነው፤ ማሽቆልቆሉም የጀመረው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢው ሲደርቅና አዲስ በረዶ መጣሉ ሲቀንስ ነው አሉ። የምድር ሙቀት በዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ ምን ያህል ነው የሚለው ከዚያ ወዲህ ብዙ ያከራከረ እውነተኛ የሳይንስ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በየፖስተሩ ላይ ኪሊማንጃሮን የሚለጥፉ ሰዎችን አልወዳቸውም፤ ለመቆሚያ የሚያንሸራትት ድንጋይ መርጠዋል። ይህንኑ በአንድ ስብሰባ ላይ ብናገር አንድ ወጣት «እርስዎ ግን ከነማን ወገን ነዎት?» አለኝ። ከሙቀት መለኪያው ወገን ብዬ ተቀመጥኩ።

አማችዎ ግን እዚህ ላይ አንድ ደረጃ ይዘልላሉ። ከኪሊማንጃሮ አናት በረዶውን የሚወስደው ምን እንደሆነ ማከራከሩ፣ ምድር መሞቋንም አከራካሪ አያደርገውም። አለማወቅም አድራሻ አለው። የጎረቤቴ ልጅ ስም ጠፋብኝ ያለ ሰው ጎረቤት የለኝም አላለም።

የማያጠራጥረውስ የቱ ነው? በሐዋይ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ይለካል። ያኔ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 315 ያህሉ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ጭማሪው ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ መምጣቱ በካርቦኑ ዓይነት ይለያል፤ ከጥንት ተክሎች የመጣ ካርቦን ከእሳተ ገሞራ ከሚመጣው ጋር አንድ አይደለም። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ግን ሌላ ነው። የታችኛው አየር ሲሞቅ፣ ከእርሱ በላይ ያለው ስትራቶስፌር የሚባለው ንብርብር ቀዝቅዟል። ሙቀቱን ያመጣችው ፀሐይ ብትሆን ሁለቱም በሞቁ ነበር። እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለ ሙቀት አማቂ ጋዝ ሲበዛ ይህ እንደሚሆን ተመራማሪዎቹ ስዩኩሮ ማናቤና ሪቻርድ ዌዘራልድ እ.ኤ.አ. በ1967 አስልተው ጽፈዋል፤ በሰማይ ላይ በልኬት የታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ማናቤ በ2021 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው አንዱ ናቸው። ውጤቱ ሳይታይ የተነገረ ነገር ሲደርስ ማየት፣ ለእኔ ለትንበያ ሠራተኛዋ፣ ከመቶ ፖስተር ይበልጣል።

አሁን ወደ «ከዚህ እስከዚህ» እንምጣ። ጥያቄው በአየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢጨምር ምድር በመጨረሻ ስንት ዲግሪ ትሞቃለች ነው። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1896 በእጁ አስልቶ ከ5 እስከ 6 አለ። በ1979 በጁል ቻርኒ የሚመራ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጉባኤ ከ1.5 እስከ 4.5 አለ። በ2021 የአይፒሲሲ ሪፖርት ከ2.5 እስከ 4 ሊሆን ይችላል፣ ለግምት የሚቀርበው 3 ነው ብሏል። አርባ ዓመት ሙሉ ክልሉ በጣም ያልጠበበው በዋናነት በደመና ምክንያት ነው። ዝቅ ያለ ወፍራም ደመና የፀሐይን ብርሃን መልሶ ያቀዘቅዛል፤ ከፍ ያለ ስስ ደመና የምድርን ሙቀት ይዞ ያሞቃል። ምድር ስትሞቅ የትኛው በዝቶ የትኛው ይቀንሳል?

ደመናን አውቀዋለሁ። ሥራዬ ነበር። በጣቢያ የሰማዩ ሽፋን በስምንት እጅ ተከፍሎ ይመዘገባል፤ ጥርት ያለ ሰማይ ዜሮ ነው፣ ሙሉ በሙሉ የተዳፈነ ስምንት። ሁለት መዝጋቢዎች አንድ ሰማይ ሥር ቆመን እኔ አምስት ስል ባልደረባዬ ስድስት ይላል። ስንከራከር ሻይ ይቀዘቅዛል። ዜሮ ነው ብሎን የሚያውቅ ግን የለም። አማችዎ እየሰሙ ያሉት የአምስትና የስድስት ክርክር ነው፤ የሚተረጉሙት ግን «ደመና መኖሩን አልተስማሙም» እያሉ ነው።

እርስዎም ቢሆኑ «ከዚህ እስከዚህ» የሚል ሒሳብ ያውቃሉ። የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ሲሠሩ መጠባበቂያ የሚይዙት ለምንድን ነው? ወጪው በትክክል ስለማይታወቅ ነዋ። ወጪው አልታወቀምና ምንም አይወጣም ብሎ ዜሮ የሚጽፍ የሒሳብ ሠራተኛ ቢኖር ለሥራ አስኪያጁ ማን ቀድሞ እንደሚናገርበት መገመት አያቅትዎትም። ሌላም ነገር ልብ ይበሉ፦ ክልሉ ሁለት ጫፍ አለው። አማችዎ እርግጠኛ አይደሉም ባሉ ቁጥር ከታችኛው ጫፍ ዝቅ ብለው ይቆማሉ፤ ከላይኛው ጫፍ ላይ ቆመው «እርግጠኛ ስላልሆንን እጅግ የባሰ ሊሆን ይችላል» ሲሉ አልሰማሁም። ወሎ ውስጥ ኅዳር ላይ ክምሩ ሳይወቃ ሰማዩ ሲከብድ ገበሬው ይዘንባል አይዘንብም እስኪጣራ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ክምሩን ይከድናል። ያልዘነበ እንደሆነ መልሶ መግለጥ ነው።

ይህም መባል አለበት፦ አንዳንዱ ጥርጣሬ ከላብራቶሪ ሳይሆን ከቢሮ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የአንድ ትልቅ የሲጋራ ኩባንያ የውስጥ ማስታወሻ፣ የምናመርተው ጥርጣሬ ነው የሚል ዓረፍተ ነገር ይዞ ነበር፤ ኋላ ላይ ሰነዱ ወጥቶ ሁሉም አነበበው። በ1998 ደግሞ የአሜሪካ የነዳጅ ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ ያዘጋጀው ዕቅድ ወደ ጋዜጠኛ እጅ ገባ። ዕቅዱ ድል የሚገኘው ተራው ዜጋ በአየር ንብረት ሳይንስ ውስጥ እርግጠኛ ያልሆኑ ነገሮች መኖራቸውን ሲያምን ነው ይላል። የሚገርመው፣ በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የኤክሶን የነዳጅ ኩባንያ የራሱ ሳይንቲስቶች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአለቆቻቸው የሠሩት የሙቀት ትንበያ በአብዛኛው ልክ ሆኖ ተገኝቷል። ቤት ውስጥ ያውቁ ነበር። አማችዎ የዚህ ፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ደንበኛ ናቸው።

ሐምሌ ሲመጡ ቡና ይፍላና አይከራከሯቸው። እያንዳንዱን ቪዲዮ ሲያሳዩዎት አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «እርግጠኛ ያልሆኑት ስለ የቱ ነው?»

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ነገ ይዘንባል ብለው ሳይዘንብ ይቀራል። የነገውን የማያውቅ ሰው ከ80 ዓመት በኋላ ያለውን እንዴት ያውቃል? — የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ጋሼ አይደለሁም፤ ይሁን። ጥያቄህ ግን ጥሩ ነው፤ የአሜሪካዊውን የአየር ጠባይ ተመራማሪ የኤድዋርድ ሎሬንዝን ያህል። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 በኮምፒውተር የአየር ጠባይ ሲያሰላ፣ ስሌቱን ከመካከል ሊያስቀጥል ፈልጎ 0.506127 የሚለውን ቁጥር 0.506 ብሎ አስገባ። ቡና ጠጥቶ ሲመለስ ሌላ ሰማይ ጠበቀው። ከዚያ የተማርነው፣ የዛሬውን አየር አንዲት ነጥብ አሳስተን ከለካን ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለው ዕለት እንደሚጠፋብን ነው። ስለዚህ የዘንድሮ ደመራ ዕለት ዝናብ ይጥላል ወይ ብትለኝ ዛሬ አላውቅም።

ነገር ግን ባሕር ዳር ላይ ከጥር ይልቅ ሐምሌ ይዘንባል ብለህ በወር ጡረታዬ ተወራረጂ ብትለኝ እወራረዳለሁ። የነገው ዝናብ የሚነሳው ከዛሬው ሰማይ ነው፤ የሐምሌው የሚነሳው ምድር ለፀሐይ ካላት አቀማመጥ ነው። የ80 ዓመቱም ጥያቄ የሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ምድር ከፀሐይ የምትቀበለውና ወደ ሕዋ መልሳ የምትሰጠው ኃይል ሒሳብ ነው። እኔ የምወራረደው በአማካዩ ላይ እንጂ በማክሰኞው ላይ አይደለም። እንዲያውም በ80 ዓመቱ ሒሳብ ውስጥ ካሉት ትልልቅ ያልታወቁ ነገሮች አንዱ ሰማይ ላይ አይደለም፤ የሰው ልጅ ስንት ከሰልና ነዳጅ ያቃጥላል የሚለው ነው። ይህን የፊዚክስ መምህርህ አይነግሩህም። የኅብረተሰብ ትምህርት ጠይቅ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ያቤሎ አካባቢ የግብርና ባለሙያ ነኝ። በሥልጠና ላይ የአየር ንብረትን በኮምፒውተር የሚያሰሉት ሞዴሎች ምሥራቅ አፍሪካ ወደፊት ዝናቧ ይጨምራል ይላሉ ተባልን። አርብቶ አደሮቹ ግን የመጋቢትና የሚያዝያው ዝናብ፣ ገና የሚሉት፣ እየራቀ ነው ይላሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ከብቶቻቸው ሲያልቁ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ ምን ብዬ ላስተምር? — ከቦረና

መልስ፦ የዚህን ወር ደብዳቤዎች ሁሉ ያቆየሁት ለእርስዎ ነው። (ለሌሎች አንባቢዎች፦ ገና እዚህ ላይ በዓሉ አይደለም፤ የቦረና ትልቁ ዝናብ ነው። ትንሹ፣ በጥቅምትና በኅዳር የሚመጣው፣ ሀጋያ ይባላል።)

አማችዬው ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚጠይቁት የሌለ ጥርጣሬ ነው፤ የእርስዎ ግን አለ። ሳይንቲስቶቹም ስም አውጥተውለታል፤ የምሥራቅ አፍሪካ የአየር ንብረት እንቆቅልሽ ይሉታል። የመጋቢት፣ የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ ከ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለብዙ ዓመታት እየቀነሰ መጣ፤ አርፍዶ ይጀምራል፣ ቀድሞ ያቆማል። አብዛኞቹ ሞዴሎች ደግሞ ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። አርብቶ አደሮቹ የሚናገሩት ያለፈውን ነው፤ ሥልጠናው የነገረዎት ገና ያልመጣውን። ሁለቱ እውነት ሆነው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሞዴሎቹ ተሳስተው ሊሆንም ይችላል።

ሞዴሎቹን የምጠረጥርበት ምክንያት አለኝ። የዛሬውን ዝናብ እንዲያሳዩ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ትልቁን ዝናብ ያሳንሳሉ፣ ትንሹን ያተልቃሉ፤ ገናን ሀጋያ፣ ሀጋያን ገና ያደርጋሉ ማለት ይቻላል። የዛሬውን እንዲህ የሚስል የነገውን ሲስል እጄን አገጬ ላይ አደርጋለሁ። አንዱ ችግር የሕንድ ውቅያኖስን ሙቀት በትክክል አለመያዛቸው ነው። ሌላው ዓይናቸው መስፋቱ ነው። የተለመደው ሞዴል ምድርን ወደ መቶ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሚሰፋ አራት ማዕዘን ይከፋፍላታል፤ በእንዲህ ያለ ወንፊት የባሌ ተራሮችና የስምጥ ሸለቆው አንድ ሜዳ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች መላ አፍሪካን በ4.5 ኪሎ ሜትር ከፋፍሎ የሚያይ ሞዴል ሠሩ። እርሱ ሲታይ ወደፊት ሲዘንብ እጅግ የሚወርድ፣ በመካከሉም ረዘም ያለ ድርቀት ያለው ዝናብ ነው የታየው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ያዩትን ደግሞ ልዘርዝርልዎ፤ ድርቁ ከሦስት ክር የተገመደ ስለሆነ። አምስት ወቅት በተከታታይ ዝናብ ቀረ። የሀጋያው መቅረት በዋናነት በፓስፊክ ውቅያኖስ ለሦስት ዓመት በቆየው ላኒና (የውቅያኖሱ ገጽ በምድር ወገብ አካባቢ ከወትሮው መቀዝቀዝ) ምክንያት ነው፤ የአየር ንብረት ለውጥ ያን ዝናብ እንዲያውም ወደ መጨመር ነው የሚገፋው። የገናው ማነስ ግን በለውጡ ምክንያት ሁለት እጥፍ ያህል የመከሰት ዕድል አግኝቷል ተብሏል። ሦስተኛው ሙቀቱ ነው። የወረደችውን ጥቂት ዝናብ ከአፈሩና ከሣሩ እየመጠጠ ወሰዳት። እ.ኤ.አ. በ2023 ጉዳዩን የመረመሩ ሳይንቲስቶች እነዚህን ደምረው፣ ምድር ባትሞቅ ኖሮ እንዲህ ያለው ድርቅ የመከሰት ዕድሉ ቢያንስ መቶ ጊዜ ያነሰ ይሆን ነበር ብለዋል። ይኸው በአንዱ ድርቅ ውስጥ፣ ስለ ዝናቡ እየተጠራጠሩ ስለ ሙቀቱ አልተጠራጠሩም። ወዲያው በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጎርፍ መጥቶ የተረፈውን ሲወስድስ አላዩም?

ስለዚህ ሰው ፊት ሲቆሙ «ዝናብ ይጨምራል» አይበሉ። «ይቀንሳል» አይበሉ። ሙቀቱ እንደሚጨምርና ውኃና ሣር ቶሎ እንደሚያልቅ በእርግጠኝነት ይናገሩ። ሲዘንብ በኃይል እንደሚወርድ፣ ኩሬው ሰፋና ጠለቅ ማለት እንዳለበት ይናገሩ። የወቅቱ ጠቅላላ ዝናብ ወዴት እንደሚሄድ ግን ገና አልታወቀም ብለው በግልጽ ይናገሩ። አለማወቅዎን ሲሰሙ ይንቁኛል ብለው ይፈራሉ፤ እኔም እፈራ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርዎ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ የበልግ ትንበያችን ወረቀት ላይ የተጻፈው ከመደበኛ በላይ የመዝነብ ዕድል 45 ከመቶ፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 የሚል ነበር። ሬዲዮ ላይ ሲደርስ «ዘንድሮ በልጉ ጥሩ ነው» ሆነ። በልጉ ቀረ። ለሥራ ጉዳይ ወደ ድሮ ጣቢያዬ በሄድኩበት ሚያዝያ ላይ አንድ አዛውንት ገበሬ በጠዋት መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው አንድ እፍኝ ደርቆ የቀረ የገብስ ቡቃያ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉና «እስቲ ይህን መዝግቢው» አሉኝ። ሃያ ከመቶው እንደነበረ፣ ሬዲዮው እንደቆረጠው ልነግራቸው ሞከርኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና «ሃያውን ነግራችሁኝ ቢሆን ግማሹን ዘር አስቀር ነበር» አሉ። እርሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ከመቶ ሃያ ምን ማለት እንደሆነ ግን ወረቀቱን ካሳጠረው ሰው በተሻለ ገብቷቸዋል። በመዝገባችን ላይ ለቡቃያ የሚሆን ሠንጠረዥ አልነበረም፤ ለሁለት ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ከረመ።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ እትዬ፤ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በክረምቱ ዝናብ እንዲለኩ እፈልጋለሁ፤ መሣሪያ የለንም። በምን እንሥራ?

መልስ፦ ጎኑ ቀጥ ያለ ትልቅ የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ ይፈልጉ፤ መሐሉ ቀጠን ወይም ሸንተረር ያለው አይሆንም። ወደ አንገቱ መጥበብ ከሚጀምርበት ላይ ዙሪያውን ይቁረጡና የተቆረጠውን አንገት ገልብጠው እንደ ማጥለያ ይክተቱበት። ከታች ጠጠር ያድርጉ፤ ነፋስ እንዳይጥለው ነው። ጠጠሩ እስኪሸፈንና የታችኛው ጎርባጣ እስኪያልፍ ውኃ ይሙሉና እዚያ ላይ 0 ብለው ያስምሩ። ከዚያ ወደ ላይ በማስመሪያ በየሚሊ ሜትሩ ምልክት ያድርጉ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው፤ ልጆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ጣሪያና ዛፍ አጠገብ አይትከሉት፤ ዛፉ አሥር ሜትር ከሆነ ቢያንስ ሃያ ሜትር ይራቁ።

በየቀኑ ጠዋት በ3 ሰዓት ይነበብ፤ እኛም በዚያው ሰዓት ነበር የምናነበው። ካነበቡ በኋላ ውኃውን እስከ 0 መስመር ይመልሱት። ቅዳሜና እሑድም ይለካል፤ ዝናብ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አይዘጋም። ያልዘነበ ቀን 0 ይጻፍ። ሳይለካ የቀረ ቀን ግን 0 እንዳይባል ይጠንቀቁ፤ ሰረዝ ይደረግበትና ምክንያቱ ከጎኑ ይጻፍ፤ «ተረኛው ታሞ»፣ «ፍየል ደፍቶት»። ልጆች በሰረዝ ስለሚያፍሩ ዜሮ ይሞሉበታል፤ ትልልቅ ሰዎችም እንዲሁ። በእኔ የመጀመሪያ ዓመት መዝገብ ላይ በሐምሌ አሥራ አንድ ሰረዞች አሉ፤ ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ ነበር። ዘንቧል፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሌሊቱን ሙሉ እሰማው ነበር። ምን ያህል እንደነበረ ግን የሚያውቅ የለም።